ውኃው በየት ይለፍ?

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ ተራራና በግርጌው ስለሚያልፍ አንድ መንገድ ነው። ተራራው የሁምቦ ተራራ ነው። መንገዱ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው ነው። ተበላ፣ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ፣ መንገዱ ላይ ተቀምጣ ተራራውን ታያለች። ከሶዶ ቁልቁል ስትወርዱ ብዙ ሳትቆዩ ትደርሱባታላችሁ። የአርባ ምንጭ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ፣ ባጃጁ በጎኑ ሹልክ ሲል፣ ሞተረኛው ሁለት ሰው ከኋላው አፈናጦ ሲበር ታያላችሁ። አብዛኛው መንገደኛ ተበላን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው፤ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል።

ስለ ተራራው የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ እንዲያውም የሁምቦ ተራራ ከአዲስ አበባ ይልቅ በዋሽንግተን ይታወቃል ብል ብዙም አልዋሸሁም። ስለ መንገዱም የሚያወራ አለ፤ ሹፌር ሁሉ ያወራል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚያወራ ግን እምብዛም የለም። የደን ሰው ከደኑ አይወጣም፣ የመንገድ ሰው ከአስፋልቱ አይወርድም። እኔ ደግሞ ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው ባይ ነኝ። የሚያስተሳስራቸው ውኃ ነው።

መጀመሪያ የአገሩን አቀማመጥ ላስይዛችሁ። ከሶዶ በላይ ዳሞታ ተራራ ቆሟል፤ ከፍታው ወደ 3 ሺህ ሜትር ይጠጋል። ከታች አባያ ሐይቅ አለ፤ እሱ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ተዳፋት ላይ ከላይ የዘነበ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ሐመሳም ቢላቴም መጨረሻቸው አባያ ነው። አባያን ያየ ሰው ቀለሙን አይረሳም፤ ደፍርሶ የቀላ ውኃ ነው፤ ጎረቤቱ ጫሞ እንደዚያ አይደለም። ያ ቅላት አፈር ነው፤ የወላይታን ማሳ ጨምሮ በዙሪያው ካለው አገር ሁሉ ታጥቦ የወረደ አፈር። ወላይታ ደግሞ ሰው የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት አገር ነው። ጓሮው እንሰትና ቦይና የሚሉት ጎደሬ፣ ከጓሮው ወዲያ በቆሎና ስኳር ድንች፣ ከዚያ ወዲያ የጎረቤት አጥር። በእንዲህ ያለ አገር ጎርፍ አንድ እርምጃ መሬት ሲወስድ፣ ከወንድማማች ውርስ ላይ አንድ እርምጃ ወሰደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ። ሽማግሌዎቹ ተራራው ድሮ ጫካ ነበር ይላሉ። ከዚያ ተራቆተ። የ77ቱ ድርቅ ሲመጣ ወረዳው ከክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። እህል የሌለው ሰው ያለውን ይሸጣል፤ ያለው ደግሞ እንጨት ነበር። ማገዶ ተሸጠ፣ ከሰል ከሰለ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሰል በእግሩ ገበያ አይሄድም፤ መንገድ ነው የሚወስደው። ከደቡብ በሚመጡት መንገዶች ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ያላየ ተሳፋሪ የለም። መኪናው ይቆማል፣ ዋጋ ይጠየቃል፣ ጆንያው ጣራ ላይ ይወጣል። መንገድ ሲታቀድ በካርታ ላይ የሚሠመረው የአስፋልቱ ስፋት ነው፤ መንገዱ ተራራ ድረስ የሚዘረጋው የገበያ እጅ ግን ካርታው ላይ አይታይም። አካባቢን በመንገድ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት የሚባለው ነገር መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል።

ተራራው ሲራቆት ዝናቡ የሚይዘው አጣ። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ጭቃና ድንጋይ እየገፋ ከግርጌው ወዳለው ማሳ ይወርድ ጀመር። ምንጮች ነጠፉ።

በዚህ መካከል ወርልድ ቪዥን የተባለው የዕርዳታ ድርጅት፣ በወረዳው ቀድሞ ይሠራ የነበረው፣ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሐሳቡ የቶኒ ሪናውዶ ነው፤ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ነው፤ በኒጀር ብዙ ዓመት የኖረ። ሪናውዶ በኒጀር ችግኝ ሲተክል ችግኙ እየደረቀበት ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ነው ነገሩን ያስተዋለው ይባላል፤ መሬቱ ራቁቱን ይምሰል እንጂ ሥሩ አለ። የተቆረጠ ዛፍ ጉቶው ሕያው ነው። በየዓመቱ ቀንበጥ ያወጣል፤ ፍየል ይነጨዋል፣ ማገዶ ለቃሚ ይለቅመዋል፤ እንደገና ያወጣል። ሥራው ቀላል ነው፤ ከብት ማራቅ፣ ከቀንበጦቹ ብርቱዎቹን መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መግረዝ። የተገረዘውም ለማገዶ ይሆናል።

በ1999 ዓ.ም. ገደማ በሁምቦ ሥራው ተጀመረ። 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ተከለለ። በመጀመሪያ ሰው ተጠራጠረ፤ ፈረንጅና መንግሥት ተባብረው መሬታችንን ሊወስዱ ነው የሚል ወሬ እንዲህ ባለ ነገር ሁሉ ይከተላል፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀስ ብሎ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የመሬቱ መጠቀሚያ ማረጋገጫ በእጃቸው ገባ። ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ፤ ዘበኛውም ባለቤቱም ራሱ ሕዝቡ ሆነ። ከተሸፈነው መሬት ሰፊው ከጉቶ የተነሣ ነው፤ በችግኝ የተተከለው ጥቂቱ ነው። ወይራው፣ ብሳናው፣ ዋንዛው ከመሬት ውስጥ ተመለሰ።

ቀጥሎ የመጣው ዓለምን ያስደነቀው ነገር ነው። በ2002 ዓ.ም. የሁምቦ ተራራ የተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ዘዴ በሚባለው መዝገብ ሰፈረ፤ በዚህ መዝገብ ከሰፈሩት የአፍሪካ ትላልቅ የደን ሥራዎች የመጀመሪያው ሆነ። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ደኑ ከአየር ከሚይዘው ካርቦን 165 ሺህ ቶን ሊገዛ ተዋዋለ፤ ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን እንደሚይዝ ተሰልቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያው ክፍያ፣ 34 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ለማኅበራቱ ደረሰ። ከአየር ላይ ገንዘብ መጣ ተባለ። የእህል መጋዘን ተሠራ፣ ወፍጮ ተተከለ።

እኔ የማወራላችሁ ግን ስላልተከፈለው ነው። ለካርቦኑ ገዢ ተገኘለት፤ ተለክቶ፣ ተመዝኖ፣ በቶን ተሸጠ። ተራራው ስላስቀረው ጎርፍስ? ምንጮች ተመለሱ፣ ከግርጌው ያለው ማሳ በጭቃ መቀበሩ ቀነሰ ብለው የሚናገሩት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ የፕሮጀክቱም ሪፖርት ይህንኑ ይላል። ከዚያ ተራራ ግርጌ መንገድ አለ። ከተራራው ደረት ላይ የሚወርደው ጎርፍ በቀነሰ ቁጥር ቦዩ በደለል አይሞላም፣ ቱቦው አይደፈንም፣ የአስፋልቱ ትከሻ አይበላም። የመንገድ ፈንድ፣ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው፣ ከነዳጅ ላይ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለጥገና ይከፍላል፤ ቦይ ለሚጠርግ፣ ጉድጓድ ለሚደፍን። ተራራ ላይ ቀንበጥ ለሚገርዝ የሚከፍልበት መደብ የለውም። አንዱ ከላይ የጎርፉን ምንጭ ይዘጋል፣ ሌላው ከታች የጎርፉን ውጤት ይጠርጋል፣ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙም። በእኔ ግምት ለሶዶና አርባ ምንጭ መንገድ እንደዚያ ተራራ የደከመለት የጥገና ሠራተኛ የለም።

አሁን ደግሞ ወደ መንገዱ እንውረድና መንገድ ራሱ ውኃን ምን እንደሚያደርገው እንይ። ይህን ያልተረዳ ሰው የቀረውን ታሪክ አይረዳም።

ተዳፋት ላይ የሚዘንብ ዝናብ በተፈጥሮው ተበታትኖ ነው የሚወርደው። በሣሩ መካከል፣ በበቆሎው እግር ሥር፣ በትንንሽ ፈለግ። በዚህ ተዳፋት ላይ አግድም መንገድ ሲቆረጥ ግን ውኃው ሁሉ መንገዱ ላይ ይቆማል፤ ከላይ በኩል ያለው ቦይ ይሰበስበዋል፣ ቦዩ ወደ ቱቦ ይወስደዋል፣ ቱቦውም በአንድ ቦታ ይተፋዋል። የቆርቆሮ ቤት አሸንዳ አስቡ፤ ጣራው ሙሉ የተቀበለውን ዝናብ ሰብስቦ በአንድ ማዕዘን ሲያፈሰው ከሥሩ ያለው መሬት ምን ይሆናል? ለመንገዱ ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው። ውኃ የአስፋልት ጠላት ነው፤ መሐንዲሱ ከመንገዱ ማራቅ አለበት። የቱቦው አፍ ላይ ድንጋይ ይነጠፋል፣ ሲሚንቶ ይለሰናል፣ ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ይረከባል። ከሲሚንቶው ጫፍ ወዲያ ያለው ግን የገበሬ ማሳ ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ማሳው ላይ ስንጥቅ ይታያል። በሁለተኛው ስንጥቁ ልጅ የማይዘለው ቦይ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቦረቦር ነው። ቦረቦር ወደ ታች ብቻ አይሄድም፤ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይበላል። ዳሩ በየዝናቡ እየተናደ፣ የእንሰቱ ሥር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ትመለከታላችሁ፤ ቀዩ አፈር እንደ ተቆረሰ ሆኖ በገደሉ ፊት ላይ ይታያል፤ ትላንት ከብት ያሻገረ መተላለፊያ ዛሬ ድልድይ የሚያስፈልገው ገደል ይሆናል። አንዳንዱ ቦረቦር ወደ ላይ እየበላ ሄዶ የወለደውን መንገድ ራሱን ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ይደነግጣል፤ ጋቢዮን የሚሉት ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት ይታዘዛል፤ ገንዘብ ይወጣል። በወላይታ በየመንገዱ ግራና ቀኝ ለሚያይ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሕግ የለም እንዳትሉ፤ ሕግስ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ የሚመለከተው ሕዝብ በአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን መስጠት አለበት ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይገመገምና ፈቃድ ሳያገኝ አይጀመርም ይላል። ሕጉን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤትም አለ፤ እሱ እንኳ ስሙን ሲቀያይር ነው የኖረው። በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ነበር፤ በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፤ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ማኅተሙን የሚቀርጸው ሰው ብቻ ደህና ሳይሠራ አልቀረም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? እንደ እኔ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። በብዙ መንገድ ላይ መጀመሪያ መሥመሩ ይወሰናል፣ ከዚያ ዲዛይኑ ይሠራል፣ ከዚያ የአካባቢ ጥናቱ እንደ አንድ ምዕራፍ ከኋላ ይለጠፋል። ጥናቱ አቧራው ውኃ ይረጭበት፣ የተቆረጠ ዛፍ ይተካ፣ ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ ይሞላ ይላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ያልተሞላ የገረጋንቲ ጉድጓድ አባያ አካባቢ ባለው ቆላ ምን እንደሚያመጣ የወባ ወቅት ይመሰክራል። ትልቁ ጥያቄ ግን፣ መሥመሩ በዚህ ይለፍ ወይስ በዚያ የሚለው፣ ጥናቱ ሲደርስ ጊዜው አልፏል። ሰው የሚጠየቀው ዶዘሩ መንገድ ላይ ሲሆን ነው።

ፍጥነቱም አለ። አገራችን የመንገድ ባለሥልጣን ያቋቋመችው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ አውራ ጎዳና ይባል የነበረው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ለመንገድ የተራበ ዘመን ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር በአገሩ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቀበሌን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ተብሎ ዘመቻ ተደረገ። በዘመቻ የሚሠራ መንገድ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ነው። ቱቦና ቦይ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

መንገድ አይሠራ የምል እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከእኛ ብዙም በማይርቀው በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ላይ ተራራው ተናደ። ጎረቤት ሊያወጣ የሮጠውን ሁለተኛው ናዳ ቀበረው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያን ቀን ሰው የቆፈረው በእጁና በአካፋ ነበር። ያንን ያየ ሰው መንገድ ቅንጦት ነው ሊል አይችልም። ነፍሰ ጡሯም ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በመንገድ ነው፤ ሶዶም ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ለመሆን የበቃችው የሻሸመኔ፣ የሆሳዕና፣ የአርባ ምንጭ፣ የሳውላና የታርጫ መንገዶች ስለተቋጠሩባት ጭምር ነው። በዘመነ ዋዱም፣ ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት አበላ ቆላ ላይ ሰው ሲያሰፍር፣ መንገድ መቁረጥና እርከን መሥራት የአንድ ድርጅት ሥራ ነበር። ዋዱ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ይህ ግን ጉድለቱ አልነበረም። ዛሬ እርከኑ የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው፣ መንገዱ የመንገድ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ቦረቦሩ የማንም ነው።

መሥመር ሊዞር እንደሚችል ለማየት ወደ ሰሜን አንድ ጊዜ ብቅ እንበል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ከደባርቅ ተነስቶ በቧሂት ሥር የሚያልፈው መንገድ ግን ዋልያው የሚኖርበትን ፓርክ ለሁለት ይከፍለዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ሲገባ ከተነሡት ነገሮች አንዱ መንገዱ ነበር። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው ገበሬው መንገድ አይኑረው የሚል አልነበረም፤ ከፓርኩ ውጭ የሚዞር ሌላ መሥመር ይሠራ ነው የተባለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ለዋልያ መንገድ ከዞረ ለሰው ማሳ ቱቦ ለምን አይዞርም?

አዲስ አበባ ላይ የትራንስፖርትና የአካባቢ ነገር ሲነሣ ወሬው ሌላ ነው። ጭስ ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያደረገ አገር አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው ቀላል ባቡርም በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። መልካም ነው፤ ጭሱም ያንቃል። ነገር ግን ተበላ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ቢያልፍ የነዳጅም ቢያልፍ ቱቦው የሚተፋው ጎርፍ ያው ነው። የገጠር መንገድ አካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በጭስ ማውጫው ሳይሆን በቦዩ በኩል ነው የሚወጣው።

ደስ የሚለው፣ መድኃኒቱ ከሩቅ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። በትግራይ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሜታሜታ ከተባለው የሆላንድ ድርጅት ጋር ሆነው ካለፉት ዐሥር ምናምን ዓመታት ወዲህ አንድ ነገር ሲሞክሩ ቆይተዋል፤ አማራ ክልልም ተከትሏል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ መንገድ ውኃ ሰብሳቢ ከሆነ አይቀር፣ የሰበሰበውን ለምን አንጠቀምበትም? የቱቦው አፍ ወደ ማሳ ሳይሆን ወደ ኩሬ ይመራል። ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ እንዲያው ከሚቀር ዳሩ ተስተካክሎ የከብት ውኃ ይሆናል። ወንዝ የሚሻገረው ዝቅተኛ መሻገሪያ አሸዋ እንዲያስቀር ተደርጎ ሲሠራ፣ አሸዋው ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ በበጋ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅዳት ይቻላል። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንኑ የመንገድና የውኃ አሠራር የሚያስረዳ መመሪያ አሳትሟል። ወጪው ከጠቅላላው የመንገድ ወጪ አንጻር ትንሽ ነው፤ በዲዛይን ጊዜ ከታሰበ ማለቴ ነው። በኋላ ሲታሰብ ጋቢዮን ነው።

ውኃው ሀብት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ታሪኩን አሳምሬ አቀረብኩ ማለት ነው። ትናንት ማንም ያልፈለገው ጎርፍ ኩሬ ውስጥ ከገባ በኋላ ባለቤት ይበዛበታል። የላይኛው በእኔ በኩል ነው የመጣው ይላል፣ የታችኛው ማሳዬን ሲበላ የት ነበርክ ይላል። ለዚህ ለዚህ ሁምቦ ዕድለኛ ነው። ሰባቱ ማኅበራት ከአንድ ተራራ ላይ ሣርና ማገዶ ሲካፈሉ፣ ጥሰህ ገባህ ሲባባሉ፣ ሲቀጡና ሲታረቁ ዓመታት አልፈዋል። መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፤ ስብሰባ መጥራት ያውቃሉ። ውኃ ማከፋፈል ከሣር ማከፋፈል ብዙም አይለይም። መንገድ ሊሠራ ቀያሽ ሲመጣ መጀመሪያ መጠራት ያለበት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ የሚጠራው ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው።

ስለ ቀያሽ ካነሣሁ አንድ ስም የሌለው ታሪክ ልጨምርላችሁ። የአንድ ቦታ አይደለም፤ ከየቀበሌው ወሬ ቆራርጬ የሰፋሁት ነው። ባለቤት ፈልጋችሁ አትድከሙ።

አንድ ወጣት ቀያሽ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የልኬት መሣሪያ በሦስት እግር አቁሞ፣ ረዳቱ ዘንጉን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል በየቦታው ይተክላሉ። አንድ ሽማግሌ ከእንሰታቸው መካከል ወጡና ችካሉን አዩት። በቆሏቸው ራስጌ ላይ ነው።

«ልጄ፣ ውኃው በየት ይለፍ ብላችሁ ነው?» አሉ።

«አባቴ፣ አይስጉ። እዚህ ጋ ሰፊ ቱቦ ይቀበርለታል።»

«መልካም። ከቱቦው ከወጣ በኋላስ?»

ቀያሹ ወረቀቱን ዘርግቶ አየ። ወረቀቱ ላይ መንገዱ አለ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ነጠብጣብ መስመር አለ፣ ከነጠብጣቡ ወዲያ ነጭ ነው። «ከዚያ ወዲያማ ከመንገዱ ክልል ውጭ ነው» አለ።

«ከክልሉ ውጭ ያለሁት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ሳቀ፣ አፈረም። ሽማግሌው እጁን ይዘው ወደ ላይ ወሰዱት። ድንጋይ የበዛበት አሮጌ ፈፋ አሳዩት፤ ሣርና ቁጥቋጦ የያዘ፣ አያታቸውም ውኃ ሲወርድበት ያዩት። እዚያ ቢለቀቅ መሬት የማይበላ፣ ዝቅ ብሎም ለኩሬ የሚመች። እዚያ ማንም አያርስም። ቀያሹ በካርታው ላይ ፈለገው፤ በሐምሌ ያልተነሣ ካርታ ስለሆነ ፈፋው ደረቅ ጠባብ መስመር መስሎ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። ልጁ ችካሉን ነቅሎ እዚያ ተከለው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል፤ መንገድ ሥራ ግን እንዲህ አያልቅም። ቱቦ ከቦታው ሲነቃነቅ የቦዩ ተዳፋት ይለወጣል፤ የቦዩ ተዳፋት ሲለወጥ ቁፋሮው ይጨምራል፤ ቁፋሮው ሲጨምር ሥራ ተቋራጩ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። አማካሪ መሐንዲሱ መፈረም አለበት፤ የሚፈርመው ደግሞ ከባለቤቱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣለት ነው። በዲዛይን ጊዜ ቢሆን ኖሮ በእርሳስ የሚሠራ ሥራ ነበር። አሁን አራት ፊርማ ይፈልጋል። ቀያሹ ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አስረዳቸው፣ ማስታወሻውም ላይ ጻፈ፣ ፎቶ አነሣ፣ ወደ ካምፑ ሄደ።

ሽማግሌው ደብዳቤ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሦስት መንግሥት አይተዋል። ማታውኑ ሰፈሩን ሰብስበው፣ ደብዳቤው መጥቶ ዶዘሩ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ያንን ችካል ለማገዶ የሚነቅል የማንም ልጅ ቢኖር ካሣውን አባቱ እንደሚከፍል አስታወቁ።